መሬት ላይ ያቆሟቸው እትዬ በዛወርቅ

እትዬ በዛወርቅ ዛፍ መውጣት የጀመሩት በሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ ባላቸው በሞተ በአርባ ሁለተኛው ቀን ነው። ቀኑን ራሳቸው ቆጥረው ነው የነገሩኝ። አርባው ወጥቷል፣ ዘመድ ተበትኗል፣ የባላቸው የተሰማ ዐሥራ አንድ ቀፎ ግን ጫካው ውስጥ እንደተሰቀለ ነው። ማሩ ደርሷል። በመንደሩ ደግሞ ቀፎ የሚሰቅለውም ማር የሚቆርጠውም ወንድ ነው። ሴት ከዛፉ ሥር ቆማ ማሩን ትቀበላለች፣ ታጣራለች፣ ገበያ ታወጣለች። ዛፍ ላይ ግን አትወጣም። ለምን ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

የተሰማ ታናሽ ወንድም ውባየሁ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር። መጥቶ "ቀፎዎቹን እኔ እይዛቸዋለሁ፤ አንቺን ማር አላሳጣሽም" አላቸው።

"በቅን ልቡ ነው ያለው" ይላሉ እትዬ በዛወርቅ። "ማሩን ይከለክለኛል ብዬ አልነበረም የፈራሁት። ቀፎውን ከያዘ ዛፉን ይይዛል። ዛፉን ከያዘ ጫካውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ነኝ።"

በማግስቱ ጠዋት የባላቸውን የዛፍ መውጫ ጠፍር ወገባቸው ላይ አስረው ወጡ። ተሰማ የሞተው ከዛፍ ወድቆ ነው። እሳቸውም መጀመሪያ የወጡት እሱ የወደቀበት ዛፍ ላይ ነው።

"በሌላ ዛፍ ብጀምር ያኛውን ዕድሜ ልኬን እፈራው ነበር" አሉኝ፣ ምክንያቱን ስጠይቃቸው።

እኔ እዚህ መንደር በመምህርነት ተመድቤ የመጣሁት ይህ ሁሉ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መንደሩ ከቦንጋ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ባለቤቴ ሣህሌም እዚሁ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምር ነበር። ከእትዬ በዛወርቅ ጋር አጥራችን አንድ ነው። ሣህሌ ባረፈ ሰሞን መጥተው ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀመጡ። "አይዞሽ" አላሉኝም። ገመድ ይገምዱ ነበር። በሦስተኛው ቀን "ጫፉን ያዥልኝ" አሉኝና ያዝኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ሲበዛ ጫፍ የምይዘው እኔ ነኝ።

አገር ያወቃቸው ግን በፊልም ነው፤ እሱም በአጋጣሚ።

ከስድስት ዓመት በፊት ተስፋሁን የሚባል ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ መጥቶ "ሙሽራ በአይሱዙ" የሚል ፊልም በእኛ መንገድ ላይ ቀረፀ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከጆንያ ኋላ የተደበቀች ሙሽራ ሳያውቅ ጭኖ ይሄዳል፤ ሙሽራው፣ ሚዜዎቹና አንድ ትራፊክ ፖሊስ በሚኒባስና በባጃጅ ያሳድዱታል። ሹፌሩ ሆኖ የሚሠራው አብዮት የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር።

የቀረፃው ዕለት እትዬ በዛወርቅ መንገድ ዳር ካለ ዋንዛ ላይ ሆነው ማር የሞላ ቀፎ በገመድ ወደ ታች ያወርዱ ነበር። ስለ ፊልሙ የነገራቸው ሰው የለም። አይሱዙው ኩርባውን እየበረረ ዞረ። የኋላ መንጠቆው ወደ መንገድ የተዘረጋውን ገመድ ያዘና ቀፎውን ከእጃቸው ነጠቀው። ቀፎው መሬት ወድቆ ከመኪናው ኋላ ይጎተት ጀመር። ንቦቹ ወጡ። ሚዜዎቹ ከሚኒባሱ ዘለው የቡና ተክል ውስጥ ገቡ። ትራፊክ ፖሊሱ ከነባርኔጣው ወንዝ ውስጥ ተቀመጠ። እትዬ በዛወርቅ በጠፍራቸው ተንሸራተው ወረዱና የሚጨስ ችቦ በአንድ እጃቸው እንደያዙ አይሱዙውን በሩጫ ተከተሉት። ቀፎው ከመኪናው ኋላ፣ እሳቸው ከቀፎው ኋላ፣ ንቡ ከሁሉም ኋላ። ስድባቸው በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ነው፤ በአማርኛ ያልጻፍኩት አስተማሪ ስለሆንኩ ነው።

ካሜራው አልቆመም ነበር።

ተስፋሁን ፊቱ አባብጦ መጥቶ "እትዬ፣ ይቅርታ፣ የቀፎውን እንከፍላለን" አላቸው።

"ንቡ ብር ውስጥ ይገባልኛል? ቀፎ ነው የሰበርከው፣ ቀፎ ሥራ።"

"እኛ ቀፎ መሥራት አንችልም እኮ።"

"እኔም ፊልም አልችልም፤ ሠራሁልህ አይደል?"

ሁለት ቀን ሙሉ የፊልም ሰዎቹ በእሳቸው ግቢ ተቀምጠው እንጨት ሲሰነጥቁና ሐረግ ሲጠመዝዙ ዋሉ። አብዮት አውራ ጣቱን ቆረጠ። የሠሩት ቀፎ እስከ ዛሬ ንብ አልገባበትም። እትዬ በዛወርቅ ግን ተቀበሉትና "አሁን ሂዱ" አሏቸው።

ፊልሙ ሲወጣ አገር በሳቅ ፈረሰ። ቦንጋ ላይ አዳራሽ ያለው ግዛቸው ሦስት ሳምንት አሳየው። ሣህሌ ሦስት ጊዜ አየው፤ በሦስተኛው አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ቀድሞ እየተናገረ አስቸገረ። እትዬ በዛወርቅ ገበያ ሲወጡ "እትዬ ንቧ!" እያለ የማይጠራቸው አልነበረም። እሳቸውም ደስ ይላቸው ነበር፤ አልደበቁትም።

የበለጠው ግን ሌላ ነው። ከፊልሙ በፊት የመንደሩ ሰው እሳቸው ዛፍ ላይ ሲሆኑ አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ወጥተው ሃያ አምስት ዓመት ያላየ መሰለ። ከፊልሙ በኋላ ግን አገር ሁሉ ካየ፣ አላየሁም ማለት አልተቻለም። በዚያው ክረምት አፀደ የምትባል፣ አራት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤታችን መጥታ "እትዬ፣ እኔንም አስተምሩኝ" አለቻቸው። ከዚያ ሁለት ጨመሩ። ባለፈው ዓመት ከእሳቸው ጋር ሰባት ሆኑ። ሰባቱም ይወጣሉ። እሳቸው የተሰማን ዛፎች ይዘዋል፤ ስድስቱ ግን ዛፍ የላቸውም። ጫካው በማኅበር የተያዘ ነው፤ ዛፍ የሚደለድለው ማኅበሩ ነው፤ እስከ ዛሬም ለወንድ እንጂ ለሴት ደልድሎ አያውቅም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደግሞ ያ ጎረምሳ የነበረው ውባየሁ ነው፤ አሁን ሆዱ ገፋ ብሏል፣ ፀጉሩ ሸብቷል። ሴቶቹ ከወንዙ በታች ያለው ጫካ ይሰጠን ብለው ማመልከቻ አስገቡ። የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ጉዳዩ በጥር አጋማሽ እሑድ በጉባኤ እንዲታይ ተቀጠረ።

ክፍል ሁለት የመጣው ልክ በዚያ ሳምንት ነው።

ፊልሙ ራሱ ከመድረሱ በፊት ቁራጩ በየሰው ስልክ ደረሰ። የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ሜሪ የምትባል ተዋናይት እንደ እትዬ በዛወርቅ ሻሽ አስራ፣ ወገቧ ላይ ገመድ ጠምጥማ፣ ዛፍ ሥር ቆማ ትዘላለች። ቀፎው ላይ ንብ ይንጫጫል። እሷ ፊቷን ሸፍና "ወንድ የለም ወይ! ኧረ ወንድ የለም ወይ!" እያለች ትጮኻለች። አማርኛዋን ሆን ብላ ትሰባብረዋለች። አብዮት፣ አሁን ወፍሯል፣ መሰላል ይዞ ይመጣና ወጥቶ ቀፎውን ያወርድላታል። እሷም እግሩ ላይ ትወድቃለች።

አፀደ ቪዲዮውን ያየችው ገበያ ውስጥ ነው። ገመድ ተሸክማ ስታልፍ ቡና ከሚመዝኑት አንዱ "ወንድ የለም ወይ!" አለ። ሌላው ተቀበለ። ወዲያው ሙሉው ሰልፍ ይጮኽ ጀመር።

"ምን አልሻቸው?" አሏት እትዬ በዛወርቅ።

"ምንም። ገመዱን ዘንቢል ውስጥ ከተትኩት።"

እትዬ በዛወርቅ "ዘንቢል ውስጥ" አሉ፣ ለራሳቸው። "ሁለተኛ እንዳትከችው።"

ማታውኑ ውባየሁ በአጥሩ በኩል አለፈ። ስልኩን አውጥቶ ለእኔም አሳየኝ። "መምህርት፣ ይህ እንግዲህ የእኛ ወሬ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። አገር የሚያውቀው እንዲህ ነው። እሑድ አባላቱ ምን እንደሚሉ ከአሁኑ ይታወቃል።" ተቆጥቶ አልነበረም የሚናገረው። የቀለለለት ሰው ይመስል ነበር።

ሐሙስ ዕለት ግዛቸው ከቦንጋ በሞተር መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙ በአዳራሹ ይታያል፣ ዳይሬክተሩና ተዋንያኑ ይመጣሉ፣ እትዬ በዛወርቅ የክብር እንግዳ ናቸው።

"ፊልሙን አይተኸዋል?" አሉት።

"አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው።"

"ግዛቸው።"

"ደህና ነው ማለቴ ነው።"

"ግዛቸው!"

ግዛቸው የራስ ቁሩን በእጁ አዟዟረው። "መኪና ብዙ አለው እትዬ።"

"ንብስ?"

"ንቡ… በኮምፒዩተር ነው።"

እኔ የሚቀሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን "ስለ እኔ የሚባለውን ከሰው ከምሰማ ተቀምጬ ልየው" አሉና ለስድስቱም ሴቶች ወንበር እንዲይዝ አዘዙት። "የክብር እንግዳ ብቻዋን አትመጣም።"

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ከዋጫ ድረስ የመጣ ሰው ነበር። መንገዱ በመጀመሪያው ፊልም የእኛ ነበር፤ ኩርባውን፣ ድልድዩን፣ በመንገዱ ያለፈው የማን በሬ እንደሆነ ሳይቀር እናውቃለን። ሁለተኛውንም ልናይ የመጣነው ራሳችንን ነው። ውባየሁ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር በስተቀኝ ተቀምጧል። እኔ ከእትዬ በዛወርቅ ኋላ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ከሣህሌ ጋር ነበር ያየሁት፤ ይኸኛውን ብቻዬን አየሁት።

ለዐሥር ደቂቃ ሰው ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ጠበቀ። መኪኖቹ አንድ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሽከረከራሉ። አንዷ ነጭ መኪና ተገለበጠች። ሌላ ማሳደድ መጣ፤ ነጭ መኪና ተገለበጠች።

"ይችን ቅድም ገልብጠዋት አልነበር?" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"አንስተው እያጠቡ ነው የሚገለብጧት" አለ ሌላው።

ያኔ ሰው የመጀመሪያውን ሳቅ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የሳቅነው እንዲህ ባሉት እንጂ በፊልሙ አልነበረም። ጫካው ሲመጣ ጫካ አይደለም፤ በመስመር የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። "ቦንጋ አቅራቢያ" የሚል ጽሑፍ ወጣ። አዳራሹ አጉረመረመ። ቀፎው ሲታይ በቁሙ ተሰቅሏል፣ አፉ ወደ ምድር።

"ኧረ ማሩ ፈሰሰ!"

"ግዛቸው፣ ሳህን አምጣ!"

"ንቦቹን እዩዋቸው፤ ዝንብ ናቸው!"

አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ግን አልሳቁም። "ሰውን ባያውቁ እሺ" አሉ፤ "ቀፎን እንዴት አያውቁም? ሁለት ቀን ተቀምጠው ሠርተው አልነበር?"

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። ሜሪ ዛፍ ሥር ቆማ ጮኸች። እዚህ ላይ የሳቁ ነበሩ፤ ከቀኝ በኩል። ከፊቴ ያለችው አፀደ ትከሻዋ ተሰበሰበ። እትዬ በዛወርቅ አልተነቃነቁም። ሰው እየተነሳ መውጣት ሲጀምርም እስከ መጨረሻው፣ የሠራተኞቹ ስም እስኪያልፍ ድረስ ተቀመጡ።

መብራት ሲበራ ግዛቸው በሩ ላይ ቆሞ "አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ፣ ፕሮግራሙ አላለቀም" እያለ የሚወጣውን መለሰ። ተስፋሁን መድረክ ላይ ወጣ። አዲስ አበባ ላይም ፊልሙ እንዳልሆነለት ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። በእጁ የታጠፈ ጋቢ ይዟል። ሜሪ ከጎኑ ቆማለች፤ አንድ ልጅ ስልክ ደቅኖ ይቀርፃል። እትዬ በዛወርቅን ጠራቸው። ሕዝቡ ለእሳቸው አጨበጨበ፤ በዚያ ቀን የተጨበጨበው ያኔ ብቻ ነው።

"እትዬ፣ ያለ እርስዎ ይህ ፊልም የለም" አለ ተስፋሁን። "አሁን አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ይተባበሩን። ከሜሪ ጋር ሆናችሁ ያችን ንግግር አብራችሁ ትላላችሁ። 'ወንድ የለም ወይ'። ከዚያ ጋቢውን አለብስዎታለሁ። ለቲክቶክ ነው፤ አጭር ነች።"

ማይኩን ሰጣቸው። እትዬ በዛወርቅ ማይኩን አገላብጠው አዩትና ወደ አፋቸው አስጠጉት።

"ተስፋሁን፣ መጀመሪያ ስትመጣ የት ነበርኩ?"

"እ?"

"አይሱዙው ሲመጣ የት ነበርኩ?"

"ዛፍ ላይ ነበሩ።"

"አሁን ለምን መሬት ላይ አቆምከኝ?"

ተስፋሁን ሳቅ አለ። "ኮሜዲ ነው እኮ እትዬ። የኛ ተመልካች ትንሽ… ሴት እዚያ ድረስ ስትወጣ ሰው አያምንም።"

"ባለፈው አምኗል እኮ" አሉ።

አዳራሹ ተናወጠ። ከበር የተመለሱት ሁሉ ወንበር ላይ ቆሙ። ተስፋሁን ማይኩን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩት።

"ቆይ። ያንተ ፊልም መጥፎ መሆኑ አያናድደኝም፤ መጥፎ ፊልም ይኖራል፣ መጥፎ ጠጅም ይኖራል። ነገ ግን እነዚህ ስድስት ሴቶች ዛፍ ይሰጠን ብለው ጉባኤ ይቀርባሉ። ሊፈርድ የሚቀመጠው ሰው ያንተን ቪዲዮ ስልኩ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። ያው እዚያ ተቀምጧል፤ ውባየሁ፣ ደህና ዋልክ?"

ውባየሁ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያንን ቃል እኔ አላልኩም፤ አልልምም። እኔ ያልኩት በመጀመሪያው ፊልም አለ፤ የሚሰማ ይስማው።"

ማይኩን ለሜሪ ሰጥተው ወረዱ። ሜሪ ማይኩን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ "እኔ ልወጣ ፈልጌ ነበር" አለች፤ ማይኩ መሥራቱን የረሳች ይመስለኛል። "ገመድ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። አይሆንም አሉኝ።" ተስፋሁን ጋቢውን እንደታቀፈ ዞር ብሎ አያት። ሕዝቡ ለእሷም ሳቀ፤ በክፋት ግን አልነበረም።

ወደ መንደር ስንመለስ ሴቶቹ በመኪናው ውስጥ ሲያወሩ ሲስቁ መጡ። እትዬ በዛወርቅ ግን "የዛሬው ዛፍ አላስገኘንም" አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ወደ ስልሳ ወንድ፣ በአንድ ጥግ ሰባት ሴት። ውባየሁ የወንድሙን ሚስት ስም ከፍ አድርጎ፣ በ"እርስዎ" ነበር የጠራው፤ ከዚያ በፊት "አንቺ" ሲላቸው እንጂ እንዲህ ሲጠራቸው ሰምቼ አላውቅም።

"ወይዘሮ በዛወርቅ፣ ማመልከቻዎትን ኮሚቴው ተመልክቶታል። በመርህ ደረጃ ተቃውሞ የለንም። ነገር ግን የአደጋ ጉዳይ አለ። አንዲት ሴት ከዛፍ ብትወድቅ ማኅበሩ ተጠያቂ ይሆናል።"

እትዬ በዛወርቅ ተነሱ። "ውባየሁ፣ እዚህ ማኅበር ውስጥ ስንት ወንድ ወደቀ?"

ውባየሁ ወደ ኮሚቴው ዞረ።

"አንተ ካልቆጠርክ እኔ ልቁጠር። ወንድምህ ተሰማ። የአፀደ ባል። የዚህ፣ እዚህ የተቀመጠው የበእምነት አባት። ሌላም አለ። አንዱም ሲወድቅ ማኅበሩ ተጠየቀ? የተጠየቅነው እኛ ነን። ያለቀስነው እኛ፣ ልጅ ያሳደግነው እኛ። እኔ የት ላይ እጅ እንደሚያሟልጭ የተማርኩት ከወደቀ ሰው ነው። ለዚህ ነው ሠላሳ አንድ ዓመት ያልወደቅኩት።"

ከወንዶቹ መካከል ራሱን የነቀነቀ ነበር። በእምነት "እውነት ነው" አለ፤ ድምፁ ግን ወጣ ያለ አልነበረም። አንዱ ከኋላ ያችን የፊልም ቃል ሊል ጀምሮ አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሸመውና ተወ።

ውባየሁ ወረቀቱን አገላበጠ። ከኮሚቴው ጋር ተንሾካሾከ። በመጨረሻ ጉዳዩ በደንብ እንዲጠና፣ ባለሙያ እንዲጠየቅ፣ ውሳኔው ከፋሲካ በኋላ እንዲሰጥ ተባለ።

ለማያውቅ ሰው መጥፎ ውሳኔ አይመስልም። ማር ለሚያውቅ ግን እምቢታ ነው። ጌተም የሚባለው ዛፍ የሚያብበው ከፋሲካ በፊት ነው። ነጩ ማራችን ከእሱ ነው። ቀፎ ከአበባው ቀድሞ ካልተሰቀለ ንብ አይገባበትም፣ ዓመቱ ባዶ ይቀራል። ይህን ከውባየሁ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

"ጌተም እስከ ፋሲካ ይጠብቀናል ወይ?" አሉ እትዬ በዛወርቅ።

"ሥርዓት ነው እትዬ" አለ ውባየሁ። "እርስዎ"ው ከአፉ ጠፍቶ ነበር። "ምን ላድርግልሽ? ሰው ምን ይላል?"

"እንግዲያው ሰው የሚለው ነገር ይኑረው" አሉና ወጡ።

ቀፎዎቹ በግቢያቸው ተዘጋጅተው ነበር። ያለፈውን ወር ሙሉ ሴቶቹ ሲሰነጥቁ፣ ሲያስሩ፣ በኮባ ቅጠል ሲሸፍኑ፣ ውስጡን ሽታው ንብ በሚጠራ ቅጠል ሲያጥኑ ከርመዋል። ሰባቱን ተሸክመው ከወንዙ በታች ወዳለው ጫካ ወረዱ። እኔም ገመድ ያዝኩ። ጉባኤው አልተበተነም ነበርና ስልሳው ወንድ ከኋላችን ተከተለ፤ የሚቃወም ይሁን የሚያይ ሳይታወቅ።

መጀመሪያ የወጡት እሳቸው ናቸው። ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ጠፍሩን በግንዱ ዙሪያ ወርውረው፣ ጀርባቸውን ለጥጠው፣ አንድ ክንድ አንድ ክንድ እያሉ ወጡ። ሁለት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ። እኔ ያኔ ወደ መሬት ነበር የማየው። ገመዱ በእጄ ውስጥ ሲሳብ ግን እያንዳንዱ ክንድ ተሰማኝ። ቀፎው በገመዱ ተስቦ ወጣ፤ ላይ ሲደርስ አስተኝተው አሰሩት፣ አፉን ወደ ፀሐይ መውጫ። ከዚያ አፀደ በሁለተኛው ዛፍ ወጣች፤ ከዚያ ሌሎቹ።

ውባየሁ "ይህ ሕገ ወጥ ነው! በደብዳቤ አሳውቃለሁ!" ብሎ ጮኸ።

"አሳውቅ" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

በእምነት ከወንዶቹ መሃል ወጥቶ ከመጨረሻዋ ሴት ቀፎ ሥር ገመድ ያዘ። ሌላ ማንም አልመጣም፤ የከለከለም አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰባቱም ተሰቅለው አለቁ።

ደብዳቤው በዘጠነኛው ቀን መጣ። ማኅተም አለው። ያለ ፈቃድ የተሰቀሉት ሰባት ቀፎዎች በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲወርዱ ያዛል። እትዬ በዛወርቅ እንዳነብላቸው ሁለት ጊዜ አዘዙኝ። ከዚያ "ጻፊ" አሉኝ። እሳቸው እንዳሉት ጻፍኩ፤ አንድም ቃል አላስተካከልኩም።

"ደብዳቤያችሁ ደርሶናል። ቀፎዎቹን አናወርድም። ማውረድ የሚፈልግ የማኅበር አባል ካለ ዛፎቹን ያውቃቸዋል። ሲወጣ ንግሩን፤ መጥተን ከሥር ገመድ እንይዝለታለን፤ እንዳይወድቅ።"

ሰባቱም ፈረሙ። እትዬ በዛወርቅ ስማቸውን ራሳቸው ጻፉ፤ ፊደሉን ያስተማራቸው ሣህሌ ነበር።

ዐሥራ አምስቱ ቀን ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ጌተሙ አብቦ አልቋል። ንብ የገባው በአራቱ ቀፎ ነው፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው፤ ከባዶዎቹ አንዱ የእሳቸው የራሳቸው ነው፣ ይህም አብሽቋቸዋል። አፀደ አሁን ገበያ ስትወርድ ገመዱን በትከሻዋ አጣፍታ ነው። የሚጮኽባት አለ፤ ትመልስለታለች፤ ምን ብላ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ማኅበሩ ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፏል ይባላል። እስካሁን አልደረሰንም።